ልጅዎ «ባሕር ኃይል እገባለሁ» ቢልዎት

እሑድ ማለዳ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ የሚወጣውን ሰው ያውቁታል። ቱታ የለበሰው ሯጭ ይቀድማል፤ ባዶ ቢጫ ጀሪካን ያንጠለጠለው ወደ ኪዳነ ምሕረት ጠበል ያዘግማል፤ ማገዶ የተሸከሙት እናቶች ደግሞ ወገባቸውን አጉብጠው ይወርዳሉ። እኔና የእህቴ ልጅ ከሁሉም ኋላ ነበርን። ልጁ የሜካኒካል ምህንድስና 4ኛ ዓመት ተማሪ ነው፤ ለእረፍት መጥቶ «አክስቴ፣ ነይ ተራራ እንውጣ» ሲለኝ አንድ የሚነግረኝ ነገር እንዳለ ጠርጥሬ ነበር።

ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ስንደርስ ትንፋሼን ልሰበስብ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። እሱ ግን ጉብታው ላይ ቆሞ በሁለት እጁ ግራና ቀኝ ያመለክት ጀመር። ከጀርባችን በሱሉልታ በኩል የሚወርደው ዝናብ ወደ አባይ ገብቶ፣ ሱዳንና ግብፅን አቋርጦ፣ ሜዲትራኒያን ባሕር ይደርሳል። በእኛ በየካ በኩል የሚወርደው ግን በቀበና አድርጎ አቃቂ፣ ከዚያም አዋሽ ይገባና አፋር በረሃ ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል፤ ባሕር አያይም። ይህን ሁሉ አስረድቶኝ ሲያበቃ «እኔ በዚያኛው በኩል መውረድ ነው የምፈልገው» አለ። ንግግሩ ለእናቱ የተዘጋጀ መሆኑ ያስታውቅ ነበር፤ እኔ ላይ እየተለማመደ ነው። የፈለገው ትምህርቱን አቋርጦ የባሕር ኃይል ዕጩ መኮንን መሆን ነው።

እህቴ በዚያው ቀን ምሳ ላይ ስትሰማ የመለሰችው ሁለት ቃል ብቻ ነበር፤ «ባሕሩስ የታለ?»

ምናልባት እርስዎም ቤት ይህ ጥያቄ ተነስቶ ይሆናል፤ ካልተነሳም ሊነሳ ይችላል። ስለ ባሕር በር በዜና የሚወራውን ልጆቻችን ይሰማሉ፤ ነጭ የደንብ ልብስ የለበሱ ወጣቶችን ፎቶግራፍ በስልካቸው ያያሉ። ከመቆጣትዎም ሆነ ከመመረቅዎ በፊት ግን ነገሩን በቅጡ ማወቅ ይበጃል። እኔም ለእህቴ ስል ሳምንታት ፈጅቼ ያጠያየቅኩትን ነው የማካፍልዎት።

መርከበኛ በደጋ ሲሠለጥን

ከእንጦጦ ሥር ያደገ ልጅ መርከበኛ ሊሆን አይችልም የሚል ሰው ካጋጠመዎት የአስመራውን ኮሌጅ ይንገሩት። ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትቀላቀል አገሪቱ የባሕር ዳርቻ አገኘች፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶም ባሕር ኃይል ተቋቋመ። የጦር ሰፈሩ ምፅዋ ነበር። የመኮንኖቹ ኮሌጅ ግን እ.ኤ.አ. በ1956 የተከፈተው አስመራ ላይ ነው። አስመራ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች የደጋ ከተማ ናት፤ ምፅዋ ለመድረስ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ቁልቁለት መውረድ ያስፈልጋል። ስለዚህ የያኔው ዕጩ መኮንን የመጀመሪያ ትምህርቱን የሚማረው እንደ አዲስ አበባ ልጅ ብርድ እየነካው፣ ደመና ከእግሩ በታች እያየ ነበር።

ትምህርቱም ቀላል አልነበረም። 52 ወራት ይፈጃል፤ ሲያልቅ የሳይንስ ባችለር ዲግሪና የመኮንንነት ማዕረግ በአንድነት ይሰጣል። ባሕር ኃይሉን በማደራጀትና በማሠልጠን መጀመሪያ የኖርዌይ መኮንኖች፣ ኋላም ጡረታ የወጡ እንግሊዛውያን አግዘዋል። ከተመረጡት መካከል ወደ ጣሊያኑ የሊቮርኖ አካዳሚ የተላኩ ነበሩ፤ በደርግ ዘመን ደግሞ መንገዱ ወደ ሶቪየት ኅብረት ዞረ። የባሕር ላይ ልምምዱ «ኢትዮጵያ» በተባለችው መርከብ ላይ ነበር። ይህች መርከብ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካኖች «ኦርካ» ብለው ያገለገሉባት፣ 95 ሜትር ገደማ ርዝመት ያላት ስትሆን ለእኛ የተሰጠችው ጥር 1954 ዓ.ም. ነው።

በየካ፣ ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ ላይ ሰፈሩ «ኮማንደር» እያለ የሚጠራቸው አንድ አዛውንት አሉ። ስማቸውን እንዳልጽፍ ጠይቀውኛል። ከአስመራው ኮሌጅ የወጡ ናቸው። ልጁን ይዤ ቤታቸው ስሄድ የማዕበልና የመድፍ ታሪክ እንሰማለን ብለን ነበር። እሳቸው ግን ብዙውን ሰዓት ያወሩን ስለ ሒሳብ ነው። ማታ ማታ እንቅልፍ እየጣላቸው ስለሚሠሩት ትሪጎኖሜትሪ፣ አልጋ ስለ ማንጠፍ፣ ሸሚዝ ስለ መተኮስ፣ ከዚያም አንድ ሰው ሲሳሳት ሁሉም ስለሚቀጣበት ሥርዓት። ባሕር ያዩት ገብተው ወራት ካለፉ በኋላ ነው። ያን ዕለት ምን ተሰማዎት ስንላቸው «አስታወከኝ» አሉና ሳቁ።

ከዚያ ግን ወሬው ከበደ። ታሪኩን እርስዎም ያውቁታል። የባሕር ኃይሉ ምክትል አዛዥ የነበሩት የንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጅ ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ከተገደሉት 60ዎቹ ባለሥልጣናት አንዱ ናቸው። የካቲት 1982 ዓ.ም. ምፅዋ ተያዘች፤ ግንቦት 1983 ዓ.ም. አስመራ። ማምለጥ የቻሉ መርከቦች ቀይ ባሕርን ተሻግረው የመን ገቡ። «ኢትዮጵያ» የመን ውስጥ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ጅቡቲ ላይ የቀሩት መርከቦች እ.ኤ.አ. በ1996 የወደብ ዕዳ ተቆጥሮባቸው በጨረታ ወጡ። ባሕር የነበረው አገር ወደብ አልባ ሆነ፤ ባሕር ኃይሉም ፈረሰ።

ኮማንደሩ በዚህ ሁሉ መሐል የደረሰባቸውን ባጭሩ ነው የነገሩን። ተመልሰው ሲመጡ አንድም የትምህርት ወረቀት በእጃቸው አልነበረም። ዲግሪው አስመራ ቀርቷል፤ የሰጠው ኮሌጅ የለም፤ የጻፈው መሥሪያ ቤት የለም። ሒሳብ የሚያውቁት ሰውዬ ለዓመታት በመገናኛ መስመር ታክሲ ነዱ። ስንሰናበታቸው የልጁን ትከሻ ይዘው የሰጡት ምክር ስለ ጀግንነት አልነበረም። «ሰጪው ቢፈርስ እንኳ ሌላ አገር የሚሠራ ወረቀት ያዝ» ነው ያሉት። ከዚያ ወዲህ ባጠያየቅኩት ነገር ሁሉ ላይ የምጠይቀው ጥያቄ ይህ ሆነ፤ ነገሩ ቢፈርስ ልጃችን እጅ ላይ ምን ይቀራል?

የጦሩ በርና የንግዱ በር

አሁን ወዳለንበት እንመለስ። በ2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አህመድ አገሪቱ ባሕር ኃይል እንደምትገነባ አስታወቁ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የመከላከያ ሠራዊት አዋጅ ቁጥር 1100 ባሕር ኃይልን ከምድርና ከአየር ኃይል ጎን መልሶ አስቀመጠው። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮን አዲስ አበባ መጥተው ባሕር ኃይሉን መደገፍን የሚያካትት የመከላከያ ስምምነት ተፈረመ። (የእኛ ሰፈር ስሟን ያገኘችው ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ነውና የእህቴ ልጅ ይህንንም እንደ ምልክት ቆጥሮታል። በ20 ዓመት ሁሉም ነገር ምልክት ነው።) ስለዚህ ለእህቴ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ይህ ነው፤ ባሕሩ የለም፣ ባሕር ኃይሉ ግን አለ።

ብዙ ወላጅ የሚያምታታው ነገር እዚህ ላይ አለ። ልጅዎ «ባሕር» ሲልዎት ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን ሊሆን ይችላልና የትኛውን ማለቱ እንደሆነ ይጠይቁት። አንደኛው የመከላከያ ሠራዊት አባል መሆን ነው። ወታደር ነው፤ በወታደር ሕግ ይተዳደራል፤ ሲሰለቸው ማመልከቻ ጽፎ የሚወጣበት ሥራ አይደለም። ምድር ላይ ቢመደብም ይመደባል፤ አገር በምትዋጋበት ጊዜ ይዋጋል። ይህን ለሚያውቅና ለሚፈልግ ልጅ ክቡር ሙያ ነው፤ ማንም ሊከለክለው አይገባም። ማወቁን ግን ያረጋግጡ። የምልመላ ማስታወቂያ ሲወጣ ፖስተሩን ሳይሆን የሚፈረመውን ወረቀት አብራችሁ አንብቡ። የግዴታ አገልግሎቱ ስንት ዓመት ነው? የሚሰጠው ትምህርት በዲግሪ ደረጃ የሚታወቅ ነው ወይስ የወታደራዊ ሥልጠና ምስክር ወረቀት ብቻ? ቢታመም፣ ቢጎዳ ማን ያክመዋል? እነዚህን ጥያቄዎች መጠየቅ አገር አለመውደድ አይደለም። ኮማንደሩን ጠይቄያቸው «እኛ ያልጠየቅነው ነው» ብለውኛል።

ሁለተኛው የንግድ መርከብ ነው፤ ስለሱ ሰው ብዙ አያወራም። የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ ድርጅት የተመሠረተው በንጉሡ ዘመን ነው፤ ወደቡ ሲሄድ እንደ ባሕር ኃይሉ አልፈረሰም። ጅቡቲን ይዞ ቀጠለ። ዛሬ የኢትዮጵያ ባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ተብሎ የሚያንቀሳቅሳቸው መርከቦች እንደ መቀሌ፣ አሶሳ፣ ጅግጅጋ ባሉ ከተሞቻችን ስም ይጠራሉ። ኢትዮጵያዊ መኮንን ግን በእነዚህ ላይ ብቻ አይሠራም፤ በውጭ ኩባንያ መርከብ ላይ ከፊሊፒንሱ፣ ከሕንዱ፣ ከዩክሬኑ ጋር ጎን ለጎን ይቀጠራል።

ወደዚያ የሚወስደው ዋናው መንገድ ያለው ባሕር ዳር ነው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የማሪታይም ማሠልጠኛ ሲጀመር የሚቀበለው የሜካኒካልና የኤሌክትሪካል ምህንድስና ምሩቃንን ነበር፤ በወራት ሥልጠና የመርከብ መሐንዲስና የኤሌክትሪክ መኮንን ዕጩ አድርጎ ጣና ዳር ያስመርቃቸዋል። ቢሾፍቱ ላይም የባቦጋያ ማሪታይምና ሎጂስቲክስ አካዳሚ አለ። የመግቢያ መስፈርቱ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ከጓደኛ ወሬ ሳይሆን ከራሳቸው ከተቋማቱ ያጣሩ።

ይህን ስነግረው የእህቴ ልጅ ዝም አለ። ትምህርቱን ሊያቋርጥ ሲያስብ የነበረው ልጅ፣ ለዚህኛው በር ቁልፉ ያው ሊጥለው የነበረው ዲግሪ ሆነ። እህቴ ከደስታዋ ብዛት ቡና አፈላች።

የኮማንደሩ ጥያቄም መልስ የሚያገኘው እዚህ ነው። በንግድ መርከብ ላይ መኮንንነት የሚሰጠው ኤስ ቲ ሲ ደብሊው በሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት ነው። እሳት ማጥፋትን፣ በባሕር ላይ ሕይወት ማትረፍን፣ የመጀመሪያ ርዳታን አንድ በአንድ ይፈትናል። በዚህ ሥርዓት የሚሰጥ የብቃት ማረጋገጫ የትም አገር ወደብ ላይ ይነበባል። ስለዚህ ማንኛውም ማሠልጠኛ ልጅዎን ሲጠራው መጀመሪያ የሚጠይቁት «የምትሰጡት ወረቀት በኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን የታወቀና ይህን ስምምነት ያሟላ ነው ወይ?» ብለው ነው። ቢሮው ቢያምር፣ ግድግዳው ላይ መልሕቅ ቢሳል ዋጋ የለውም።

ገንዘብን በተመለከተ አንድ ነገር ልንገርዎት፤ ለደላላ አይክፈሉ። የባሕር ሠራተኞችን መብት የሚደነግገው የ2006ቱ (እ.ኤ.አ.) ዓለም አቀፍ ስምምነት መርከበኛ ሥራ ለማግኘት የቅጥር ክፍያ እንዳይጠየቅ ይከለክላል። እሱ ራሱ የሚሸፍናቸው ወጪዎች ፓስፖርቱ፣ የመርከበኛ ደብተሩና የሕክምና ማረጋገጫው ናቸው። «ዱባይ ላይ መርከብ አለን፣ ይህን ያህል ዶላር አስቀድማችሁ ላኩ» የሚል ሰው ካጋጠመዎት በሩን ይዝጉ። የማሠልጠኛ ክፍያ ሌላ ጉዳይ ነው፤ በብድር ከሆነ ግን ከደመወዙ በየወሩ ስንት እንደሚቆረጥና ሥራ ባያገኝ ዕዳው ማን ላይ እንደሚቀር በጽሑፍ ይቀበሉ።

ቤት የሚቀረው ሰው

እህቴ ውል፣ ወረቀት፣ ደመወዝ ስንል ቆይታ በመጨረሻ የጠየቀችው «ፋሲካን ቤት ይውላል?» ብላ ነው።

አይውልም። ምናልባት አንዱን ይውላል፣ ሁለቱን አይውልም። መርከበኛ አንዴ ከተሳፈረ ለወራት አይመለስም። ሥራው በአብዛኛው አራት ሰዓት ተረኛ ሆኖ ስምንት ሰዓት ማረፍ ነው፤ ሌሊት ይሁን ቀን ለውጥ የለውም። የሞተሩ ክፍል ያለማቋረጥ ይጮኻል፣ ይሞቃል። ምግቡን የሚሠራው ምናልባት ሩዝ የለመደ ሰው ነው፤ በርበሬ ቋጥራችሁ ላኩለት። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና ወደቦችን ሲያዘጋ እስከ 400,000 የሚደርሱ መርከበኞች ውላቸው አልቆ ከመርከብ መውረድ ሳይችሉ እንደቀሩ የዓለም አቀፉ የማሪታይም ድርጅት ገልጾ ነበር። እነዚህም እናት አላቸው።

አደጋውንም አልደብቅዎትም። ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ የንግድ መርከቦች በሚሳይልና በድሮን ተመትተዋል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2024 «ትሩ ኮንፊደንስ» በተባለች መርከብ ላይ 3 መርከበኞች ሞተዋል። ወታደር አልነበሩም። ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የእኛ የገቢና የወጪ ንግድ የሚያልፈው በዚያው በር በጅቡቲ ነው።

ሴት ልጅ ካለዎትና ጥያቄውን ያነሳችው እሷ ከሆነች፣ ብቻዋን የምትሆንባቸው መርከቦች እንደሚበዙ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣ የዓለም የመርከበኞች ጥናት ሴቶቹ 1.28 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ስል ተስፋ ላስቆርጣት አይደለም፤ አለቃዋ ማን እንደሆነ፣ ችግር ቢገጥማት ለማን እንደምትደውል ከመሳፈሯ በፊት ትወቅ።

ከሁሉ በፊት ግን ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ ሁለት ነገሮች አሉ። የዓይን ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ ቀለም መለየቱን ያስመርምር። መርከብ ሌሊት በግራዋ ቀይ፣ በቀኟ አረንጓዴ መብራት ታበራለች፤ ሁለቱን የማይለይ ሰው ተረኛ ሆኖ መቆም አይችልም። ስንቱ ልጅ ዓመታት ለፍቶ በመጨረሻው የጤና ምርመራ ላይ ነው ይህን የሚሰማው። ሌላው ዋና ነው። የእኛ የደጋ ልጅ ቀበና ወንዝ ላይ ከርሞ አያውቅም፤ የዛሬው ቀበና ደግሞ እግር የሚነከርበት አይደለም።

የእህቴ ልጅ ቀለሙን አልፏል። የመጨረሻ ዓመቱን ሊጨርስ ወደ ዩኒቨርሲቲው ከመመለሱ በፊት ቅዳሜ ቅዳሜ ዋና ይማራል። እህቴ «አልሄድም፣ አላይም» ስትል ከርማ ባለፈው ቅዳሜ አብራን መጣች። ባሕር አይታ አታውቅም፤ ወደ ላንጋኖ እንኳ የሄደችው አንዴ ነው። ከገንዳው ዳር የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ የልጇን ጫማና ፎጣ ጭኗ ላይ አቅፋ ይዛለች። አሠልጣኙ «ጭንቅላትህን ንከር» ባለው ቁጥር ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። የምትጸልይ መስሎኝ ተጠጋኋት፤ እየቆጠረች ነበር። 17 ላይ ስትደርስ ብቅ አለ።

«ባለፈው 11 ነበር» አለችኝ።